የቆዳ ፋቂዎች ጎዳና መጋረጃ አይወርድም

ለተከበሩ ሻለቃ፣
በሳራዬቮ የሰፈረው የውጭ ሰላም አስከባሪ ጦር የገለልተኝነት ጉዳዮች ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ እንቅልፍዎ የሰላም፣ የጀርባ ሕመምዎ የቀለለ፣ የምሳ ሰዓትዎም በመድፍ ድምፅ ያልተረበሸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ራዚያ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የቲያትር ቤት መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ተራራው ላይ ያለው አነጣጣሪ ተኳሽ እንዳያየን በመንገዳችን ማቋረጫ ላይ የሰቀልነው፣ ከብርድ ልብስና ከአንሶላ ተቀጣጥሎ የተሰፋው መጋረጃ የእጄ ሥራ ነው። ወደ ሰፈሩ ብቸኛ የውኃ ቧንቧ የምንሻገረው በእርሱ ከለላ ነው። መጋረጃው ተመልሶ እንዳይሰቀል የሚያዘው የማክሰኞ ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ወረቀቱ በጣም ያማረ ነው፤ እናመሰግናለን።

ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ መጋረጃውን ያወረድነው እኛው ነን፤ አልክድም። ባለፈው ሳምንት ታላላቆቹ መንግሥታት ተዋጊ ጦር ልከው ጣልቃ ለመግባት ሊስማሙ ጥቂት እንደቀራቸው ሬዲዮ ሲናገር፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ ቩኮሳቫ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ «አንቺ ራዚያ፣ እንግዳ እየመጣ በዚህ እድፋም መጋረጃ ልንቀበል ነው እንዴ? ምን ይሉናል!» አለችኝ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መጋረጃ ይታጠባል፤ ሌላ አናውቅም። ለሁለት ቀን መጠጥ ያጠራቀምነውን ውኃ አፍስሰን አጠብነው። ገና ሳይደርቅ ጎረቤታችን አቶ ስትዬፓን ጀሪካን ይዘው ሲሻገሩ ጭናቸውን ተመቱ። እንግዶቹ አልመጡም፤ ለካ የመንግሥታቱ ስብሰባ ለሌላ ቀን ተቀጥሮ ኖሯል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሬዲዮውን አምነን ነበር።

፪. ደብዳቤዎ መጋረጃው «የአንዱን ወገን ዕይታ ስለሚጋርድ ገለልተኝነትን ይጥሳል» ይላል። እውነት ነው፤ ወገኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያነጣጥራል፣ ሌላው ውኃ ይቀዳል። በሁለቱ መካከል እንዲህ ልክክ ብለው መቆም መቻልዎ ያስደንቀኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መጋረጃ ጋረደኝ ብሎ አቤት የሚል ተመልካች አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ጠመንጃ የያዘ ግን አልነበረም።

፫. በየዋና ከተማው ስለ እኛ የሚደረገውን ክርክር በአክብሮት እንከታተላለን። አንዱ አውሮፕላን ይላክ ይላል፤ ሌላው ወታደሮቻችን ያልቁብናል ይላል፤ ሦስተኛው እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይጠላላሉ ብሎ እጁን ይታጠባል። እኛም ደረጃው ላይ እንከራከራለን። አቶ ስትዬፓን «አምና ነበር መምጣት የነበረባቸው፣ አሁን ለቀብር ነው እንዴ!» ይላሉ። ቩኮሳቫ እንደ ተራራው ተኳሾች ሰርብ ናት፤ እኅቷም ከተራራው ጀርባ ትኖራለች፤ «ቦምቡ ማን ላይ እንደሚወድቅ የጠየቀ አለ?» ትላለች። ተዋጊ ጦር ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። መጋረጃው ይሰቀል በሚለው ግን ለመስማማት አንድ ሲጋራ የሚጨስበት ጊዜ እንኳ አልፈጀብንም። ጥላቻችን ጥንታዊ ነው ለሚሉት ባለሥልጣናት ይህን ቢያስተላልፉልኝ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መጋረጃው ትናንት ጠዋት ተመልሶ ተሰቅሏል። ደብዳቤዎ የጥፋተኞቹን ስም ይጠይቃልና ሥራዎን ላቅልልዎ፤ የሰፋሁት እኔ፣ ሙስሊሟ ራዚያ ነኝ፤ መሰላሉ ላይ የወጣችው ቩኮሳቫ ናት፤ ገመዱን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የተመታ እግራቸው በፋሻ እንደታሰረ የቋጠሩት ክሮአቱ አቶ ስትዬፓን ናቸው። ነፋስ እንዳይገልጠው ጫፉ ላይ ጠጠር ሰፍቼበታለሁ። ብታወርዱት ሌላ እሰፋለሁ፤ አንሶላ ሲያልቅ ቀሚሶቼን እቀድዳለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ ሻለቃ፤ ይህን የምሸፍንበት የትሕትና ቃል አላገኘሁም።

ለገለልተኝነትዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎ ውበትና ለምልከታዎ ጥራት ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ትእዛዝዎን ባለመፈጸሜ ከፍ ያለ ኩራት የሚሰማኝ፣

ራዚያ ሙፍቲች
የቆዳ ፋቂዎች ጎዳና፣ ቁጥር ፲፬

ማስታወሻ፦ መጋረጃው አላስፈላጊ መሆኑን አሁንም ካመኑበት፣ በፈለጉት ጠዋት ይምጡና ለእርስዎ ክብር ለጥቂት ደቂቃ እናወርደዋለን። ከበራችን እስከ ቧንቧው ሃምሳ አራት እርምጃ ነው፤ ጀሪካን እናውስዎታለን። እኛ ስንሻገር እንሮጣለን፤ እርስዎ ግን ገለልተኛ ነዎትና ቀስ ብለው ይራመዱ።