የቤተሰብዎን ፎቶግራፍ እንዳነሳ ስለፈቀዱልኝ

ለክቡር ፕሮፌሰር ሉዶ ስቴንኪስተ
የመገለል ጥናት ማእከል የበላይ ኃላፊ
ጌንት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ስምዎ የገነነ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ከቶ የማይረበሽ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። በቤትዎ አድራሻ እንዳልልከው፣ በዚያ ቤት ማን ተብዬ እንደምታወቅ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

ቲኔ ደ ኮርቴ እባላለሁ፤ የከተማችን ትራም ነጂ ነኝ። ስወለድ ወንድ ተብዬ የተመዘገብኩ፣ ካደግሁ ወዲህ ግን በሴትነቴ የምኖር፣ በእርስዎ ሙያ ቋንቋ ትራንስጀንደር የምባል ሰው ነኝ። ከልጅዎ ከዮሪክ ጋርም ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አልጋ ላይ ኖሬአለሁ። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እባክዎ ደግመው ያንብቡት፤ በአደባባይ ተጽፎ ሲያዩት የመጀመሪያዎ ሳይሆን አይቀርም።

እንደኔ ያሉ ሰዎች፣ እንዲሁም «ወንድም ሴትም አይደለንም» የሚሉ ጎልማሶች፣ በፍቅር ሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚገለሉ የሚለካ መጠይቅ ማዘጋጀትዎን አገር ያውቃል። ዮሪክም «አባቴ ይህን የሚሞሉለት ጥንዶች ቸግረውታል» ብሎ ይዞልኝ መጣ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ስንናቅ ያየን ሁሉ ፊቱን ሲያዞር ኖሮ፣ አንድ ትልቅ ሰው «ምን ያህል አመማችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አንጀት ይበላል። «ፍቅረኛዬ እኔን ለቤተሰቡ ማስተዋወቅ ያሳፍረዋል» የሚል ነበረበት፤ ከአንድ እስከ አምስት ይመረጣል። እኔ አንድን አከበብኩ፤ «ፈጽሞ» ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤታችሁ ያልተጠራሁት እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ነበርና። እንዲህ ያለኝ ዮሪክ ነው፤ እኔም አመንኩት። ፍቅር የያዘው ሰው መጠይቅ ሲሞላ፣ እጁን ይዞ «ቆይ እስቲ» የሚለው ያስፈልገዋል።

ከዚያ መጠይቁ ሽልማት አስገኘልዎ፤ የደስታው እራትም ከወንዙ ዳር ባለው ምግብ ቤት ተዘጋጀና በመጨረሻ እኔም ተጠራሁ። ሰማያዊ ቀሚስ ገዛሁ። ፈረቃዬን ከባልደረባዬ ጋር ተለዋወጥኩ። ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ጎደሊቭ አበባ ያዝኩ።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ወንበሩ ነው። ልጅዎ በቀኝዎ ተቀምጦ ሳለ፣ ለእኔ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ስለሰጡኝ ቅሬታ ማለቴ ራሱ ውለታ ቢስነት ነው፤ ሳህን ባለፈ ቁጥር ምን እንደሚቀርብ በሽታው አስቀድሜ አወቅሁ። ይህን ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው ግን አይተውም። የፋኩልቲው ዲን ብርጭቆ እንደያዙ ወደኔ ዞረው «ይህችስ ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ ተነሥተው መጥተው፣ እጅዎን እንደ አባት ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «ቲኔ ናት። ከጥናታችን ተሳታፊዎች አንዷ» አሏቸው። ዲኑም በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው «ጎበዝ! እንዲህ ከሰው ፊት መቀመጥሽ ራሱ ጀግንነት ነው» አሉኝ። እኔ በዚያች ሰዓት የሠራሁት ጀግንነት ቢኖር፣ በአረንጓዴ ቅጠል የተሠራውን እባብ መሳይ ዓሣ መብላቴ ብቻ ነበር። ወደ ዮሪክ አየሁ። ዮሪክ ዓሣውን እየቆረጠ ነበር። ምንም ያልቀረውን ዓሣ ይቆርጣል፣ ይቆርጣል።

ስለ ሦስተኛው ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። እህትዎ «በሉ ፎቶ እንነሣ፤ ቤተሰብ ብቻ!» ሲሉ፣ የልጅዎ ያጎት ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት የተዋወቃትን ልጅ እየጎተተ ገባ። እኔም ለመግባት ከወንበሬ ተነሣሁ። እርስዎ ግን ስልክዎን በእጄ አኖሩና «ቲኔ፣ አንቺ አንሺን፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ትራም የሚነዳ እጅ አይንቀጠቀጥም። ሁላችሁም እንድትገቡ ወደኋላ ፈቀቅ አልኩ፤ ወይዘሮ ጎደሊቭ አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር ቀና እንዲሉ ጠበቅሁ፤ ቀና አላሉም። ዮሪክ ፈገግ ብሎ ቆመ። እኔን እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፎቶው ፈገግ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ የጠላሁት ጥርስ የለም።

አነሣሁ። ስልኩን መለስኩ። ከዚያም ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ፣ ጥናቱ ላይ አንድ ተሳስቼ የሞላሁት አለ። ለቤተሰብ ስለማስተዋወቅ የሚለው ላይ አንድ ብዬ ነበር፤ አምስት ይደረግልኝ።»

ዮሪክ «ቲኔ፣ በናትሽ! አሁን አይደለም» አለ። እርስዎ ግን ሳይደናገጡ፣ አፍዎን በጨርቅ ጠረግ አድርገው፣ «የመረጃ መሰብሰቢያው ጊዜ አልፏል» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ተሰድቤአለሁ። ትራሜ ውስጥ ተተፍቶብኛል። ሰካራም በድሮ ስሜ ጠርቶ፣ የጣልኩትን ስም ከመቃብር አውጥቶ አሸክሞኛል። እንዲህ በተጣራ ቋንቋ፣ ድምፅ ከፍ ሳይል፣ ማጣቀሻ እንደሚጠቅሱ ያህል የገደለኝ ግን ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም። ለዚህ የሚሰጥ ሽልማት ካለ፣ የሚገባው ለእርስዎ ነው።

ቤት ስንገባ ዮሪክ ጫማውን ሳያወልቅ «አባቴን ታውቂው የለ? የሱ ቀን ነበር» አለኝ።

«የኔስ ቀን መቼ ነው?»

«እንዲህ አታካብጂው እንጂ። እኔ እንደምወድሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። አባትህ ያውቃል ወይ ነው ጥያቄው።»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ይህ ሰው ስታመም ሌሊት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠ፣ መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ ሲሰድበኝ ጃኬቱን አውልቆ ሊደባደብ የሄደ ሰው ነው። ጎረምሳን ደፈረ፤ እርስዎን ፈራ። አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩ። በማግስቱ ልብሱን በሁለት ሻንጣ አድርጌ ከደጅ አቆምኩለትና፣ ስሜን ጠርቶ ከነማንነቴ በእርስዎ ማእድ ሊያስቀምጠኝ የሚችል ቀን ከመጣ ደወሉ እንደሚሠራ ነገርኩት። እስካሁን የደወለ የለም።

ስለዚህ ልጅዎን በክብር መልሼልዎታለሁ። በስተኋላ ባለው የልጅነት ክፍሉ እንደገባ ሰምቻለሁ። ሲበሳጭ ሳህን አያጥብም፤ ሲያፍር ደግሞ ቶሎ ይተኛል። ከማን እንደወረሰው የሚለካ መሣሪያ ቢያዘጋጁ፣ ሁለት ተሳታፊ ከደጅዎ ሳይወጡ ያገኛሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እርስዎ ግን ስላማሰሉ ተሸለሙ።

ጥናትዎ ባለፈው ሳምንት ታትሞ አነበብኩት። በከተማችን ያሉ ጥንዶች ከቤተሰብ የሚደርስባቸው መገለል «አነስተኛ» ነው ይላል። ከዚያ ማነስ ውስጥ የኔ አንድ አለችበት፤ በውሸት እንዳልመዘገብኳት፣ ዛሬ ግን ውሸት እንደሆነች በዚህ ጋዜጣ ፊት አስመዘግባለሁ።

ጥበብዎ እንዲበዛ፣ ሽልማትዎ መደርደሪያ እንዲያጣ፣ በሄዱበት ሁሉም «ይህስ ማን ነው?» ሲባል በትክክለኛ ስምዎ የሚጠራዎ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ ተሰናበትኩ።

የልጅዎ ፍቅረኛ የነበረችው
ቲኔ ደ ኮርቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ጎደሊቭ ሻንጣ ይዘው ትራሜ ላይ ተሳፍረው፣ «ነጂውን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን እያዩ ከጎኔ ቆሙ። «ልጄ፣ ያን ቀን አንገቴን የደፋሁት አፍሬብሽ አይደለም፤ በራሴ አፍሬ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «ለሁለት ቀን ነው» ብለው፣ እህታቸው ወደምትኖርበት ወደ ኦስተንደ የሚሄደው ባቡር ከየት እንደሚነሣ ጠየቁኝ። ጣቢያው ስንደርስ ወርጄ ሻንጣቸውን አወረድኩላቸው። ክቡር ሆይ፣ እንዲያው እንዳይጨነቁ ብዬ ነው እንጂ ባልነገርኩዎ፦ የሁለት ቀን ሻንጣ እንዲያ አይከብድም።