ስለ ቀኙ የኋላ ጎማ ድምፅና ስለ ታሰረው ሾፌር

ለተከበሩ አቶ በላይ
የእርዳታ እህል ማከፋፈያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎም በሰላምና በጥጋብ እንዲገኙ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የኮሚቴው መካኒክ ምናለ ይህን ደብዳቤ በመጋዘኑ በር ላይ የለጠፍሁት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ከሁሉ በፊት ባለፈው ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ስላመሰገኑኝ አመሰግናለሁ። «ምናለ ትራክተሩን መርምሮ ደህና መሆኑን አረጋግጧል፤ አደጋው የሾፌሩ የአምባቸው አሻጥር ነው» ሲሉ ንግግርዎ እጅግ ያማረ ነበር። የጎደለው እውነት ብቻ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አምባቸው እህሉን በትራክተሩ ተጎታች ጭኖ ሊነሳ ሲል ወደ እኔ መጥቶ፣ «ምናለ፣ ከቀኙ የኋላ ጎማ በኩል እየተፋጨ ይጮኻል። ባዶውን ሲሆን አይሰማም፤ ጭነት ሲይዝ ይብሳል» አለኝ። በክሪክ አነሳሁና ጎማውን በእጄ አዞርሁት። ዝም አለ። ክብደት ያላረፈበት ጎማ ዝም ቢል ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከላይና ከታች ይዤ ብነቀንቀው ኖሮ ጎማውን የሚያሽከረክረውን የኩሽኔታውን መላላት እጄ ይነግረኝ ነበር፤ ከፍቼ ባየው ደግሞ መሰንጠቁን አገኘው ነበር። እርስዎ ግን ከደሴ ከመጡት እንግዶች ጋር በሩ ላይ ቆመው፣ «ድምፅ የሌለው ሞተር የት አለ? ሕዝብ እየተራበ እናንተ ቡሎን ትነካካላችሁ?» ብለው አፋጠኑን። ለሕዝብ ስላለዎት ተቆርቋሪነት ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ማሸከም አልችልም። እርስዎ ኩሽኔታ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ። በእንግዶቹ ፊት «ይህ ትራክተር ዛሬ አይወጣም» ማለት አሳፈረኝ። ዳዶዎቹን አጠበቅሁና «ቡሎኑ ላልቶ ነው፤ ሂድ» አልሁት። አምባቸውም አመነኝ።

ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ኩሽኔታው ተፈረካከሰ፤ ጎማው ከነሻፍቱ ተነቅሎ ወጣ፤ ተጎታቹም ተገልብጦ እህሉ ወንዙ ውስጥ ተበተነ። ገበሬዎች ሲደርሱ አሻጥረኛ የተባለው ሰው ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ጆንያ ከውኃ ሲያወጣ ነው ያገኙት።

ከውኃው የተረፈው እህል በሰው ጀርባ ወደሚታደልበት ቦታ እስኪደርስ ቀናት አለፉ። ሲጠብቁ ከነበሩት መካከል እትዬ ብዙዬ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጃቸው አስቻለች ከደረሳት ስንዴ አጥሚት ሠርታ ብታቀርብላቸው ከንፈራቸውን መክፈት አቃታቸው። እኔም ጆንያ ከተሸከሙት አንዱ ስለነበርሁ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። አስቻለች እጄን ይዛ፣ «ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመህ መጣህልን፤ እግዜር ብድርህን ይክፈልህ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ያን ምርቃት ተሸክሜ ስመለስ ጆንያው ቀላል እንደነበረ ገባኝ።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፤

አንደኛ፣ አምባቸው የታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብል፣ «አንተ ከታሰርህ ማን ይጠግናል? ሰብሳቢው እንዳይነካ ብለዋል» ብለው መለሱኝ። በገዛ ጥፋቴ እንዳልጠየቅ የተሰጠኝ ይህ ልዩ መብት በአስቸኳይ እንዲነሳልኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ የተፈረካከሰውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልዬ ለጸሐፊዎ ብሰጥ እርስዎ «ቆሻሻ ነው» ብለው አስጥለውታል። አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ሥር በሚስማር ሰቅዬዋለሁ። የአምባቸው ባለቤት ንግሥቴ ወደ ጣቢያው ስንቅ ይዛ በዚህ በኩል ስታልፍ ቆማ አይታዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት አምባቸውን በጣቢያው አጥር በኩል አየሁት።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝ።

«ነግረኸኛል» አልሁት።

ወደ አጥሩ ጠጋ አለና፣ «እህሉስ ደረሰላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ እትዬ ብዙዬ ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ አልቻልሁም። «ደርሷል» ብዬው መጣሁ።

የክቡርነትዎ ምስጋና የማይገባው፣ የአምባቸው እስር የሚገባው፣ እስከዚያው ድረስ ግን እጁ ከግራሶ ያልጸዳ ታዛዥዎ፣

ምናለ፣ መካኒክ

ማሳሰቢያ፦ ትራክተሩን ጠግኛለሁ። ጭነት ጭኜ በግቢው ውስጥ አዙሬ አዳምጬዋለሁ፤ ድምፅ የለውም። ሰዎች እየጠበቁ ስለሆነ ነገ ጠዋት እህል ተጭኖ ይቆማል። በዚያ ቁልቁለት መንዳት የሚችል በከተማው ያለው አምባቸው ብቻ ነው። ወይ ያስፈቱት፣ ወይ መሪውን ራስዎ ይያዙት፤ እኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ አብሬዎት እወርዳለሁ።