ስሙን ጻፍኩት

ጁምዓ፣ ጥር 15፤ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ

ሰይድ ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ብሎጌ ላይ የምጽፈው «ባለቤቴ» እያልኩ ነው። ወሎ ያሉት ዘመዶቹ እንዳይሰሙ ብሎ ስሙን እንዳላነሳ ከልክሎኛል። እኔ ግን ባልጽፍ ኖሮ እስካሁን ባበድኩ።

ዛሬ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ሆቴል የምታጸዳ አንዲት አንባቢዬ፣ «እህቴ፣ ሐረም መስጊድ ገብቼ ዱዓ ላደርግለት ነው፤ ማን ብዬ ልለምንለት?» ብላ ጻፈችልኝ። ወላሂ፣ ጽሑፌ ሐረም ደረሰ ብዬ ደረቴን ነፋሁ!

ከኩላሊት እጥበት ተመልሶ ጋደም እንዳለ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረም «በይ ንገሪያት» አለኝ።

«ለሷ ብቻ?»

«ብሎግሽ ላይ ጻፊው፤ ያነበበ ሁሉ ዱዓ ያድርግልኝ።»

«ባለቤቴ ሰይድ ይባላል» ብዬ ጽፌ አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎኝ ትክ ብሎ አየው።

«የአባቴንስ ስም ለምን ተውሽው?» አለኝ።