አባዬ ከኋላዬ ነው

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18 ቀን
ከተራራው ግርጌ፣ በረሃው ከሚጀምርበት

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በአካል ደህና ነን። የአባዬ ክርን ከመላጡ በቀር አጥንቱ ሁሉ በቦታው ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ እማዬ። ከትናንት ጀምሮ እንደፈራሁ ነው፤ እንዳያውቅብኝ ስስቅ ስስቅ መንጋጋዬ ደከመ።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ያረፍነው የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያድሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሙቀት የሚንጣጣ ቆርቆሮ። በዚህ ሰዓት እንኳን ብስክሌት ዝንብም አይንቀሳቀስም። አባዬ እርጥብ ፎጣ ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ወደ አሥር ሰዓት ላይ፣ በረሃውን በብስክሌት እንጀምራለን ብሏል። ስልክ ከተራራው ወዲህ አይሠራም። ይህን ወረቀት ወደ ወደቡ ከተማ ለሚሄድ ሾፌር ልሰጠው ነው፤ እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

እማዬ፣ አባዬ አያይም።

ጨርሶ አይደለም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ደማቅ ቀለምም ያያል። መንገድ ግን አያይም።

የገባኝ ትናንት ቁልቁለቱን ስንወርድ ነው። ፔዳል መምታት ስታቆሚ የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ተክ ተክ ተክ ይላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማን ፔዳል ይመታል? ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተክ ተክ እያልኩ ከፊት እወርዳለሁ፤ አባዬ ይከተለኛል። የተራራው ጥላ ያረፈበት አንድ ኩርባ ላይ መንገዱ ትንሽ ቀና ሲል ፔዳል መታሁ። ድምፁ ጠፋ። እኔ ወደ ግራ ታጠፍኩ፤ አባዬ ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀጥ ብሎ እማዬ! ፍሬን እንኳን አልነካም። የመንገድ ሠራተኞች ዳር ላይ የከመሩት ጠጠር ያዘው እንጂ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ድምፅ ሰምቼ ስዞር ጠጠሩ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ብስክሌቱ ላዩ ላይ ነው። እሱ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ፍሬኑ ነው» አለኝ አቧራውን እያራገፈ።

ፍሬኑን ፈተሽኩት። እንደ አዲስ ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። ዳገቱን ስንወጣ የነበረው ወሬ! አባዬ፣ ቃል ከአፉ በጉጠት ካልተጎተተ የማይወጣው አናጺ፣ «ምን ይታይሻል? ችኩሊት፣ አሁንስ ምን ይታይሻል?» እያለ ሲያስለፈልፈኝ ከረመ። እርጅና አፉን ፈታለት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ድምፄን እየተከተለ ኖሯል። ማታ ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆውን ቀስ ብዬ ወደ ጎን ገፋሁበት። እጁ ብርጭቆው ወደነበረበት ሄደና ባዶ ቦታ ጨበጠ። ከዚያ መጀመሪያውኑም ያን የፈለገ ይመስል ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገው። ወጥቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ ነው። አንቺ ታውቂ ነበር፣ አይደል? ያን ቢጫ ጃኬት ገዝተሽ «ከፊቱ ሁኚ፤ ከኋላው እንዳትሆኚ» ስትዪኝ ለአቧራው ያሰብሽልኝ መስሎኝ ነበር። አውራ ጣቱን በመዶሻ እየደጋገመ ሲመታ፣ «ደክሞኛል» ብሎ ሱቁን ሲዘጋ፣ አንቺ ዝም አልሽ። እሱም ዝም አለ። ሁለታችሁም ሆድ ይፍጀው ብላችሁ እኔን ገደል አፋፍ ላካችሁኝ! ንዴቴ በረድ ሲል ደግሞ ይገባኛል። ብትነግሪኝ አልነሳም ነበር፤ እኔ ብቀር ብቻውን ይሄድ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለን ሰው ማን ይመልሰዋል? «ባሕሩን አሁን ካላየሁት መቼ ላየው ነው?» ሲል ዕድሜውን ቆጥሮ መስሎኝ ነበር።

ተራራውስ አለፈ። የሚያስፈራኝ በረሃው ነው። ከዚህ እስከ ወደቡ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ፔዳል ካልመታሽ ትቆሚያለሽ። ስለዚህ ተክ ተክ የለም። ነፋሱ ከጎን ስለሚመጣ ድምፄን ይዞት ወደ አሸዋው ይሄዳል። ጃኬቱም በዚያ ሙቀት አይለበስም። ደግሞ መኪናው! «ኩንታል» የሚሉት አንድ ግዙፍ ሾፌር አለ፤ መንገዱን ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ እኔ ሙሉ ጭነት ይዤ ፍሬን ብረግጥ የምቆመው እናንተን ካለፍኩ በኋላ ነው» አለኝ። ሲናገር አልሳቀም። «ጋቢና ውስጥ ቦታ አለኝ። ብስክሌቶቹን ከላይ አስርላችኋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ አባባን ንገሪያቸው።»

ጠዋት ነገርኩት። ስለ ዓይኑ አልደፈርኩም፤ ሙቀቱን አሳበብኩ።

«ሰው እንደ ሲሚንቶ ተጭኖ ባሕር አይሄድም» አለኝ። «ከፈለግሽ አንቺ ተጫኚ። እኔ ቀድሜሽ እደርሳለሁ።»

ቀድሜሽ እደርሳለሁ ይለኛል! ጎማውን በምስማር ልበሳው ብዬም አስቤ ነበር፤ የአናጺ ልጅ ምስማር አታጣም። ግን ጎማ መለጠፍ ለእሱ ዓይን የሚፈልግ ሥራ አይደለም፤ በዳበሳ ለጥፎ ይነሳል። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ዞር ስል መንገዱ ባዶ ሆኖ እንዳላገኘው። ከመቼ ጀምሮ ባዶ እንደሆነም አላውቅም እኮ።

እማዬ፣ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፤ አሁን ተመለስኩ።

አባዬ ነቅቶ ኖሯል። «ለማነው የምትጽፊው?» አለኝ ካልጋው ሳይነሳ።

«ለእማዬ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ሰው ጋዜጣ ሲያነብለት ከእጁ የሚነጥቅ ሰው! ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ከአፌ እንደመጣልኝ ፈጠርኩ። «እማዬ ደህና ነን፣ ተራራው ግሩም ነው፣ አባዬ ቁልቁለቱን እንደ ጎረምሳ ነው የወረደው፣ ምግብም ተስማምቶናል» እያልኩ እስከ ሰላምታው ወረድኩ። አላቋረጠኝም።

«ጥሩ ነው» አለ ስጨርስ። «አሁን ደግሞ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

ክው አልኩ። ግን አነበብኩለት፤ ጠጠሩን፣ ብርጭቆውን፣ ምስማሩን፣ ሁሉንም። ምስማሩ ላይ ሳቀ። ስለ አንቺ ዝምታ ሳነብ ፎጣውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ።

«ጨምሪበት» አለኝ ከፎጣው ሥር።

«ምን ልጨምር?»

«ፈርቷል በያት። ገደል ጋ መድረሴን ያወቅሁት ጠጠሩ ሲይዘኝ ነው። ከዚያ ወዲህ አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር ልቤ ይጠፋል። እኔ ለሷ ማውጣት አቅቶኛል፤ ከአንቺ ትስማው።»

ይኸው ጻፍኩት። እማዬ፣ አባዬ ፈርቷል።

ይህን ስጽፍ ውጭ የኩንታል መኪና ሞተር ተነሳ። አባዬ ጫማውን አጠለቀ። «እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ፤ ሽማግሌን ጋቢና አይከለክልም» አለ። እስከ ዛሬ እኔ ባለሁበት እንደ ወታደር ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚራመደው። አሁን እያየሁት ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ በሩን ፈልጎ አገኘና ወጣ።

ደብዳቤውን እንግዲህ ራሴ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። ጤናሽን ይስጥልኝ፤ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ በሰላም ያገናኘን። ተቀይሜሻለሁ፤ እወድሻለሁም። ልሂድ እማዬ፣ ከበሩ ውጭ ደረጃ አለ።

ልጅሽ ችኩሊት