ሳስቶ የመጣው ድምፅ

ሰኔ 9 ቀን፣ ማክሰኞ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

መርዶው የመጣ ቀን ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ወንድምሽ የሚደውልበት ሰዓት ስለደረሰ ጆሮዬን ኪሴ ውስጥ ወዳለው ስልክ ጥዬ ነበር። የተንኳኳው ግን በሩ ነው። ከእሱ ጋር በስልክ ድርጅቱ የሚሠራው ቀጭኑ መሐንዲስ ከአክስትሽ ጋር ቆሟል። አክስትሽ ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ጊዜ አወቅሁ። ስንት ሰው እንዲደዋወል ሲለፋ የኖረ ልጅ፣ የራሱ ሞት በእግር መጣልኝ።

«ድምፁን በየሳምንቱ እየሰማሁ እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?» ብለሽ ራስሽን ስትረግሚ በመልእክትሽ አየሁ። ተይ ልጄ። እኔ የወለድኩትም አላወቅሁም።

ድምፁ እንደ ጣሳ ሲሆንብን «ቆርቆሮው» እያልሽ ትስቂበት የለ? ደዋይ ሲበዛ ማሽኑ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ አሳስቶ፣ አቅጥኖ በአንድ ሰው ቦታ ሁለት ሰው ያስወራል ብሎ ያስረዳን እሱ ነው።

«ታዲያ የኔን ግማሽ ለማን ሰጠኸው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለጎረቤትሽ፣ ለወሬኛዋ!»

«እሷማ የራሷም ተርፏታል!»

ሳቀ፣ ሳቀና ሳል ሆነበት።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ እየሳሳ፣ በመሐል እየተቆረጠ መጣ። «ምነው ልጄ?» ስለው «ሰው በዝቶ ነው እማ፣ መስመሩ ነው» ይለኛል። ላንቺም እንዲሁ ብሎሻል። አመንነው። ሥራው ነውና ማን ይከራከረዋል?

ከቀብር መልስ መሐንዲሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «የመጨረሻ ቃሉን እንኳ ያ መስመራችሁ አሳስቶ ነው ያሰማኝ» አልኩት። ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ አፌ ላይ መጣ።

ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እሱ በነበረበት ከተማም ሆነ በእርስዎ ሰፈር ድምፅ መሳሳት ከቀረ ቆይቷል» አለኝ። «አዲስ መሣሪያ ተክለናል፤ ብዙ ሰው እያስተናገደም ድምፅ አይነካም። ከየት እንጀምር ሲባል፣ ከእናቴ ሰፈር ብሎ የተሟገተው እሱ ነው።»

«ታዲያ ያ ድምፅ?»

«ሳምባው ነበር። እህቴ ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፣ ለእናቴም እንዳትነግሩ ብሎ አስምሎናል።»

አየሽ ልጄ፣ መስመሩ ምንም አልወሰደብንም። ያለውን ሁሉ አምጥቶልናል። ከልጄ የቀረው ያ የሳሳ ድምፅ ብቻ ነበር።

ትምህርትሽን ጥለሽ አትምጪ። ብቻውን የታመመው ለዚህ ነው። እኔ እችለዋለሁ። ወሬኛዋ ጎረቤቴም አልተለየችኝም፤ አሁንስ እሷም አታወራም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ካመመሽ አመመኝ በይኝ። በመስመሩ አታመካኚ።

ፈጣሪ ከእሱ ያጎደለውን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ፤ በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ። ይህን ደብዳቤ አብረውሽ ላሉት ወዳጆችሽ አንብቢላቸው። ወንድምሽን ባያውቁትም፣ እያንዳንዳቸው እንደ እምነታቸው ለነፍሱ ይጸልዩልኝ። ስሙን መጥራት ካቃተሽ «ቆርቆሮው» በያቸው፤ ፈጣሪ ማን እንደሆነ ያውቃል።

እናትሽ