ከውይይቱ በፊት የተጻፈ አቋም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም ካባው ዝግ ነው። ድንጋይ የምናወጣበት ቦታ በሰንሰለት እንደታሰረ አለ። መዶሻዬን ይዤ ሄድኩ፣ ይዤ ተመለስኩ። አስናቀችም እንዲሁ። ኮብልስቶን ስንጠርብ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ባሏ ሞቷል፤ ሁለት ልጆች አሏት። ስንመለስ እስከ ቤቷ አልተነፈሰችም። ለፍላፊዋ አስናቀች ዝም ስትል ነገር ከፍቷል ማለት ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩ እኮ ቀላል ነበር። የካባው ፈቃድ ጊዜው አለቀ። ፈቃድ የሚሰጠው ጽ/ቤት ኃላፊ አቶ ደምሰው ይፈርማል፣ ይታደሳል፣ እንሠራለን። እሱ አይፈርምም። ከበላይ አቅጣጫ አልወረደም ይላል። ወደ ቁይ ከተማ በሚወስደው መንገድ ያሉ ገበሬዎች ሌላ ካባ እናሳያችሁ ብለው ነበር። ለዚያ ደግሞ ከዚህ በፊት እንዲህ ተሠርቶ አያውቅም አለ። ወንበሩ ላይ ሳይንቀሳቀስ አረጀ፤ እኛም ሳንሠራ እንድናረጅ ይፈልጋል። (አንቱ የምለው ፊቱ ስቆም ነው። እዚህ ግን አንቱታ የለም።)

ክረምቱ ከገባ ድንጋይ ማንጠፍ የለም። የያዝነው መንገድ ደግሞ ግማሹ ጭቃ ነው። እስከ መስከረም ምን እንበላለን?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ከሰዓት

አስጠራኝ! አቶ ደምሰው ራሱ። ወንበር ሰጠኝ፣ እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቀ። ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

ዓርብ ሳምንት ሠራተኛው በሙሉ ይሰበሰባል። የጠራቢዎች ማኅበራችን እንዲበተን፣ እኛም ሌላ ሥራ "በራሳችን እንድንፈጥር" ሊነገረን ነው። በመጨረሻ የአቋም መግለጫ ይነበባል። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ዲፕሎማ አለሽ፣ ድምፅሽም ጥሩ ነው አለኝ። ካነበብኩ ጽ/ቤት ውስጥ ቋሚ ሥራ አለ። ሲናገር ዓይኔን አላየም።

መግለጫው ተጽፎ አልቋል። ሰጠኝ። እኛ ሠራተኞች "ሰፊ ውይይት ካደረግን በኋላ" ውሳኔውን በሙሉ ልብ ተቀብለናል ይላል። ስብሰባው ገና ሳምንት ቀርቶታል እኮ! ተወያይተን፣ ተስማምተን፣ አመስግነን ጨርሰናል። እኛ ብቻ ነን ያልሰማነው።

ቋሚ ሥራ ግን። ቋሚ። እጄን አየሁት፤ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ለእማዬ ነገርኳት። አላመነታችም፤ አንብቢ አለች። ወረቀት ማንበብ ኃጢአት አይደለም፣ ቄሱም ያነባሉ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ካባው ከተዘጋ ወዲህ የምንበላው እሷ ጉሊት ተቀምጣ በምታመጣው ነው። ወገቧ እንደማይችል አውቃለሁ። ስለዚህ አልተከራከርኩም።

ለአስናቀች አልነገርኩም። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ሥራውን ያዢው፣ አንዳችን እንኳ እንትረፍ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 15። ማታ 3 ሰዓት

ብዙ ነገር ሆነ። በቅደም ተከተል ለመጻፍ ልሞክር።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት ሹማምንቱ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የታሸገ ውሃ። አቶ ደምሰው ስለተመዘገቡ ድሎች ይናገራል፣ ይናገራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይናገራል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ጊዜ ስለሌለ ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ያስገባ፣ አሁን ወደ አቋም መግለጫው እንሂድ አለ።

ወጣሁ። ማይኩን ያዝኩ። "ሰፊ ውይይት ካደረግን በኋላ" አልኩና ቆምኩ። ቆም ስል ሰዉ ለምዶበታል፣ አጨበጨበ! ሥራችን መዘጋቱን ገና ሳልናገር አጨበጨቡ፤ አስናቀችም ጭምር። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ።

"ይቅርታ፣ ገና አልተወያየንም፤ አሁን እንጀምር። አስናቀች፣ ተነሺ" አልኩ።

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማው።

"አቶ ደምሰው፣ ልጆቼ እራት ሲሉኝ አቅጣጫ አልወረደም ልበላቸው? እርስዎ ይንገሩኝ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም እጁን አወጣ። ማይኩን አጠፉብን፤ ያለ ማይክ ቀጠልን። ለድንጋይ ጠራቢ ማይክ ምን ያደርግለታል፣ በመዶሻ ጩኸት መካከል ሲነጋገር የኖረ ሰው! አቶ ደምሰው ሌላ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። እኛ ግን እስኪመሽ ተወያየን። እውነተኛ ውይይት። ተጣላን ሁሉ።

ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ከጽ/ቤቱ መልእክት መጣ። ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ፣ ጉሊቷ ድረስ። ልጅሽ ፀረ ልማት ተብላለች፣ ግን ልጅ ናት፣ ሰኞ ጠዋት በሰው ፊት ግለ ሂስ ካደረገች ሥራዋ አለ። ማለት፣ ተሳስቻለሁ፣ ሳላውቅ ነው፣ ማሩኝ ልበል።

እማዬ ተቆጣች። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል አለችኝ። እኔ ገና መች በላሁ አልኳት። ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

እነሱም ይገርሙኛል። መንገድ መጨረስ አቃታቸው፣ ፊርማ አቃታቸው፣ አንዲት ሴትዮን ጉሊቷ ድረስ ሄደው ማስፈራራት ግን አላቃታቸውም። ለዚህ አቅጣጫ መች ጠበቁ?

እሁድ፣ ግንቦት 17። ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአስናቀችና ከሌሎቹ ጋር ቅጥሩ ሥር ተቀመጥን። ማንም ማንንም አልለመነም። ወሰንን።

ግለ ሂስ አላደርግም። ቋሚ ሥራውን ለፈለገው ይስጠው። ነገ ጠዋት ሁላችንም ጽ/ቤቱ በር ላይ ነን፤ ፈቃዱን እስኪፈርም አንነሳም። ያባርሩን ይሆናል። ያስሩንም ይሆናል። እንግዲህ ይምጣ።

ለእማዬ እየፈራሁ ነገርኳት። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ሰማች። ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ እንዳልሰማ ወደ ውጭ ልወጣ ስል ብረት ምጣዱ ተንኳኳ። ገብስ እየቆላች ነው። ከጓዳ ሆና ጠየቀችኝ፣ ለስንት ሰው ነው የሚያስፈልገው?

ቆይ፣ ልቁጠር። እኔ፣ አስናቀች፣ ከደጀን የመጡት ጠራቢ ወንድማማቾች፣ ደግሞ