በቃሬዛ የሄደው ደወል

ጥቅምት 22፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ሠላሳ ስምንት የፈተና ወረቀት አረምኩ። ግፊትንና ሙቀትን የለዩት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ስሌቱን በትክክል ሠርቶ መለኪያውን ሳይጽፍ ትቶታል። ግማሽ ሰጠሁት። መለኪያ የሌለው ቁጥር ወሬ ነው። ጎረቤት በርበሬ አስጥታ ቀኑን ሙሉ ሳስነጥስ ዋልኩ። ደክሞኛል።

እንግዳ መጣ። አያ ሙጬ ይባላል፤ ከቡሬ አልፎ በሽንዲ መንገድ የሚያርስ፣ ከኔ ጥቂት የሚበልጥ ሰው። ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ ወረቀቶቹ ላይ አንዲት ጠማማ ብረት አስቀመጠ። ሳያት አወቅኋት። የተዋጊ ጄት ምላጭ ናት። በሞተሩ ሆድ ውስጥ እሳቱ የሚያሽከረክረው ክብ ብረት አለ፤ ዙሪያውን እንዲህ ያሉ ምላጮች ተሰክተውበታል።

ልጁ መ/አ ይበልጣል አብራሪ ነው። መስከረም ላይ ከደብረ ዘይት ወደ ባሕር ዳር ሲበር ሞተሩ ፈነዳበት፤ በጃንጥላ ወረደ። ዕጣ ሆኖ የወደቀው ከተወለደበት ቀበሌ አጠገብ ነው። ይኸው ጠላት ሆነበት። ውጊያ ፈርቶ ደህና አውሮፕላን ጥሎ እናቱ ጓሮ ዘለለ ተብሎ ታስሯል። ኅዳር 12 ጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። የፈሪ ፍርዱ ይታወቃል።

ወታደሮቹ ቦምቡንና መድፉን ለቅመው ሄዱ። የቀረው የገበሬው ሆነ። ቀጥቃጩ ከምላጩ ማጭድ ላውጣ ብሎ ሁለት ቀን ወናፍ ነፋበት። አልለዝብ አለው። አያ ሙጬ፦ «ይኸ ብረት እሳት አይፈራም፣ መምህር። ልጄን ፈሪ የሚሉት ግን ከዚህ ላይ ተቀምጦ ነው የነደደው።»

እሳት እንዳይፈራ ተብሎ የተቀመመ ብረት ነው አልኩት። ግን ከቀጥቃጭ ፍም የወጣ ምላጭ ምስክር አይሆንም፤ የሞተሩን ሙቀትና የወናፉን ሙቀት ማን ይለየዋል? አንገቱን ደፋ። ለመሆኑ ወደ እኔ ማን ላከህ አልኩት። ልጁ ነው። የእኚያን የአየር ኃይል ሞተር መርማሪ የነበሩ ሰው ፊርማ በየሞተሩ መዝገብ ላይ አይቻለሁ፣ ከሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም ብሎታል።

ፊርማዬን።

ጥቅምት 24፣ ከጧቱ 1 ሰዓት

ያንን ሞተር አልጠላውም። ይህን አንተም ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ፤ በአንተ ላይ ስንት ገጽ ጽፌለታለሁ። ከዚያ በፊት የነበረን ትንሽ ሞተር እንደ በቅሎ ታጋሽ ነበር። ይኸኛው የጦርነት ሞተር ነው። ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ ዕድሜው ሆን ተብሎ አጭር። የሠሩት ሰዎች አልዋሹም። የበረራ ሰዓቱ ሲሞላ አውርዳችሁ ፍቱት ብለው በመጽሐፉ ጽፈዋል።

ሰዓቱ ግን የተሰላው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ብርድ አገር ነው። የኛ አየር ስስ ነው። ቦምብ ተሸክሞ ለመነሳት አብራሪው ተጨማሪውን እሳት ረዘም አድርጎ ያነድዳል። ምላጮቹ ይግላሉ፣ በየበረራው በፀጉር ስፋት ይሳባሉ፤ አንድ ቀን ጫፋቸው ግድግዳውን ይነካል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሰዓቱ መቀነስ ነበረበት። የኛ አለቆች ጨመሩበት። አለቃዬ አብዮቱ ሰዓት እስኪሞላ አይጠብቅም አለኝ። ሰዓት የሚጠብቀው ብረቱ ነው ብዬ መለስኩ። የማራዘሚያውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አልፈርምም አልኩ።

ሁለት ጊዜ።

ጥቅምት 27፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

የቀረውን ብረት ልይ ብዬ ከቡሬ በእግር አራት ሰዓት። ጉልበቴ አልቋል። አያ ሙጬና ወንድሙ ከፊቴ እየሄዱ በአገውኛ ያወራሉ፤ ስለ እኔ እንደሆነ ያስታውቃል።

ምላጮቹ የተሰኩበትን ክብ ብረት አገኘሁት። የቀጥቃጭ እሳት አልነካውም። ገበሬዎቹ ለጊዮርጊስ ሰጥተውት ቤ/ክኑ ደጅ ካለው ወይራ ላይ በሰንሰለት ተሰቅሏል። ደወል ሆኗል! ዲያቆኑ በድንጋይ ሲመታው ጎርነን ብሎ ቶሎ ይሞታል። ቄሰ ገበዙ፣ የቤ/ክኑ ንብረት ጠባቂ ናቸው፣ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ነው ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ደህና ብረት እንዲህ አይጮህም።

በርጩማ ላይ ቆሜ በት/ቤቱ ካሊፐር ለካሁ። ምላጮቹ ሁሉ ከልካቸው ረዝመዋል፣ ጫፋቸው ተፍቆ ያበራል። አንዱ ከሥሩ ተቆርጧል። ቁርጡን በመነጽር አየሁት። ሦስት አራተኛው ጠቁሯል፣ የቀረው ጥሬ ብረት ነው። ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው፤ ብዙ በረራ እሳት ሲገባበት ኖሯል። ጥሬው የዚያ ቀን ነው። ልጁ ከመዝለሉ በፊት፣ ምናልባት ከመነሳቱም በፊት፣ ሞተሩ ሞቶ ነበር።

ከዚያ ጭቃውን በምራቄ ጠርጌ የተቀረጸውን የሞተሩን ቁጥር አነበብኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ለአያ ሙጬ ልጅህ እውነተኛ ነው አልኩት። እግሬን ሊስም ጎንበስ ሲል ጮህኩበት። ደነገጠ። ለምን እንደጮህኩ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 29

ማስተማር አልቻልኩም። አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

አሮጌውን ደብተር አወጣሁ። ያው አንተ ነህ፤ በሌላ ልባስ። ገጹ አለ። የአምስት ሞተሮች ቁጥር፣ ከጎኑ የምላጮቻቸው ርዝመት፣ በእጄ የለካሁት። ሁሉም ከልክ ያለፉ። ደወሉ አራተኛው ነው። ከታች፦ «ፈረምኩ። ደክሞኛል።»

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ከማራዘሚያው ወረቀት አጠገብ የጡረታ ወረቀቴን አስቀምጠውልኝ ነበር። ሁለቱን በአንድ ብዕር ፈረምኩ። ለየሺ፣ ለሚስቴ፣ በሰላም አሰናበቱኝ አልኳት። እዚህ መጥቼ ተማሪዬ መለኪያ ረሳ ብዬ ግማሽ እቀንሳለሁ።

ኅዳር 4፣ ቡሬ

ደወሉን ለምስክርነት እንውሰድ ብንል ቄሰ ገበዙ እምቢ አሉ። ለታቦት የገባ ይወጣል እንዴ? ስንጥቁ ብረቱን ይከፍለዋል፣ በሰው ራስ ላይ ይወድቃል አልኳቸው። «እስካሁን ጊዮርጊስ ይዞታል» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ስለ ብረት ድካም ማስረዳት ጀመርኩ። እንደ ተማሪ አዳመጡኝና ለምን አንድ ወረቀት ጽፈው አይወስዱም፣ የተማረ ሰው ቃል አይበቃም ወይ ሲሉ ጠየቁ።

በዚህ ሞተር ላይ የኔ ቃል አይታመንም፣ በወረቀት ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አያ ሙጬ ቆሞ ይሰማል።

አያ ሙጬ ወንድሙን በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀው። ምን እንዳለው አላውቅም። ከዚያ ፊቱን ሳያዞርልኝ፦ «እንግዲያ እርስዎም ከደወሉ ጋር ይመጣሉ ማለት ነው።» እመጣለሁ አልኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ተመካከሩ። «የታሰረ ማስፈታት ከጥሪ ይቀድማል። ይሂድ፣ መስክሮ ይመለስ።» ግን ደረሰኝ ይፈረም አሉ። ብዕሩን ሲሰጡኝ፦ «አንብበው ነው የሚፈርሙ፣ መምህር?» አነበብኩት። ሁለቴ።

እንደ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመነው ወጣን፤ በየመንደሩ ወጣት እየተቀበለ። መንገደኛ ሁሉ ይቆማል፦ «እግዜር ይማረው፣ ማን ነው?» የአያ ሙጬ ወንድም ለሁሉም ይመልሳል፦ «ደወል ነው፤ ጉንፋን ይዞት።» አንድ ጊዜ ሳቅሁ። አያ ሙጬ አልሳቀም። በእኔ ተራ ግን ትከሻዬ ሲያቅተኝ ዘንጉን ተቀበለኝ።

ኅዳር 9፣ ከጧቱ 12፡15፣ ፍኖተ ሰላም፣ አውቶቡስ ተራ

ለየሺ የፈረምኩትን ትናንት ነገርኳት። አላለቀሰችም። ዛሬ ሻንጣዬን ስከፍት የብርድ ጋቢና አንድ ቁና ዳቦ ቆሎ አገኘሁ። ለአምስት ቀን መንገድ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል አልኳት። ጋቢውን መልሳ አጥፋ ከተተችው።

ደወሉ ጣራው ላይ ታስሯል። ረዳቱ ምን ዓይነት ዕቃ ነው ብሎ ተጨቃጨቀ። አያ ሙጬ ምስክር ነው አለው፤ ከዚያ ወደ እኔ በአገጩ አመልክቶ፣ «አንዱም እኚያ ናቸው» አለ።

ያንን ገጽ ብቻ ቀድጄ ልወስድ ነበር። የተቀደደ ገጽ ማስረጃ አይሆንም፤ ሙሉውን ይጠይቃሉ። አሮጌውንም አዲሱንም ይዣለሁ። እንግዲህ አንተም የኔ ብቻ አይደለህም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ለአንተ አይደለም።

ይህን ለምታነቡ ዳኞች፦ በአሮጌው ደብተር ያሉት ልኮች በእጄ የለካኋቸው ናቸው፤ ጽሕፈቱም የኔ ነው። ሞተሩ ከበረራው በፊት ተሰንጥቆ ነበር። አብራሪው መዝለሉ ትክክል ነው። ሰዓቱ እንዲራዘም የፈረምኩት እያወቅሁ ነው፤ ደክሞኝ ነበር፤ ድካም ግን መለኪያ አይደለም። ጡሩምባ ተነፋ፣ አያ ሙጬ ቦታ ይዞልኝ በመስኮት ይጠራኛል። ስሜንና ፊርማዬን ከዚህ ቀጥሎ